ከመፍታታችሁ በፊት ተጫወቱበት

ልጆቼ፣ አንድ የድሮ የጃፓን ኤሌክትሪክ ጊታር እጃችሁ ከገባ፣ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ተጫወቱበት። ጊታር ስጠግን ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ይህን ምክር ግን የምሰጣችሁ በችኮላ የሠራሁት አንድ ጥፋት እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ ቴይስኮ የሚባል አንድ ያገለገለ የጃፓን ጊታር ገዛሁ። ድምፁ ደከም ያለ ነበር። መቆጣጠሪያውን ሳዞረው ይንጫጫል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ፒካፑ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ ሞቷል ብዬ ነቀልኩትና ሌላ ጉልበተኛ ፒካፕ አስገባሁ። አዲሱ ሰፋ ስለሚል እንጨቱን ፈለፈልኩት። ጊታሩ ጮኸ፣ ግን እንደ ማንኛውም ጊታር ነበር የጮኸው። የነቀልኩትን ፒካፕ ካርቶን ውስጥ ወረወርኩት።

ምን እንደነቀልኩ ያኔ አላወቅኩም ነበር። ቴይስኮ እ.ኤ.አ. በ1946 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። በ1960ዎቹ የጃፓን ወጣት በኤሌክትሪክ ጊታር አበደ፤ በተለይ ዘ ቬንቸርስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1965 እዚያ ከዞረ በኋላ። ፋብሪካዎቹ ለአገራቸውም ለአሜሪካም በገፍ ያመርቱ ነበር። በ1967 ቴይስኮን ካዋይ የተባለው የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ገዛው። በገፍ ስለተሠሩ አንዱ ከሌላው ይለያያል። መንትያ የሚመስሉ ሁለት ጊታሮች ይዛችሁ አንዱ ሲመቻችሁ ሌላው ሊያስመርራችሁ ይችላል። ስለዚህ ስለ ሞዴሉ የሰማችሁትን ትታችሁ እጃችሁ ላይ ያለውን አድምጡ።

ከዚያ ከቀላሉ ጀምሩ። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ መጀመሪያ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መነካኪያው ነው፦ የድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ። ውስጣቸው ይዝጋል፣ አቧራም ይይዛል። የኤሌክትሪክ መነካኪያ ማጽጃ ትንሽ ንፉበትና ደጋግማችሁ አዙሩት። የእኔ ጊታር በሽታ ይኸው ነበር። በአምስት ደቂቃ ይድን የነበረውን በመፈልፈያ አበላሸሁት።

አንገቱን ደግሞ በትዕግሥት ያዙት። ውስጡ አንገቱን የሚያቀና፣ የሚስተካከል ብረት ካለው በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፤ ክሩን ወጥራችሁ አሳድሩና እንደገና እዩት። አንዳንዶቹ የማይስተካከል ብረት ነው ያላቸው፣ እነሱን አታስገድዱ። ክሮቹ ከፍ ካሉ አንገቱ ከአካሉ በሚገጥምበት ቦታ ስስ የእንጨት ልጣጭ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወፍራሙ ክር 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም ከተሰኩት ብረቶች 12ኛው) ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ቢል ለብዙ እጅ ይመቻል።

አሁን ብዙ ወጣት ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ላይ ደረስን። ጊታሩን ቃኝታችሁ ታች በኩል ኮርድ ስትይዙ ያምራል። ወደ ላይ ስትወጡ ሦስተኛው ክር ይስታል። «ርካሽ ስለሆነ ነው» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ተዉ! በዚያ ዘመን ክር ወፍራም ነበር፤ ሦስተኛው ክር ራሱ እንደ ባሶቹ ሽቦ የተጠቀለለበት ነበር። ብዙዎቹ ብሪጆች፣ ማለትም አካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባቸው ድልድዮች፣ የተሠሩት ለእሱ ነው፣ ለየክሩ ለብቻም አይስተካከሉም። ዛሬ የምትገጥሙት ለስላሳ ሦስተኛ ክር እዚያ ብሪጅ ላይ ከቃናው ከፍ ይላል። ቀጭኑ ክር ከ0.011 ኢንች የሚጀምር፣ ሦስተኛው የተጠቀለለ ክር ግጠሙበት። ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በስሱ ነክታችሁ የሚወጣውን ድምፅ፣ ፍሬቱን ተጭናችሁ ከሚወጣው ጋር አስተያዩ። ሲገጣጠሙ ስትሰሙ ጊታሩ ሌላ ጊታር ይሆንባችኋል።

አጨዋወቱም የራሱ ነው። ወፍራም ክር ስለሆነ እንደ ዛሬ ጊታር ክር ጎትታችሁ አታስለቅሱትም። ኮርድ ስትመቱ፣ ነጠላ ዜማ ስታወጡ፣ በተለይ ደግሞ ጣታችሁ ላይ ቱቦ አድርጋችሁ በስላይድ ስትጫወቱ ነው ልቡን የሚከፍትላችሁ። ፊታቸው ላይ ወርቅማ ልባጥ ያለባቸው የቴይስኮ ፒካፖች ጉልበታቸው ትንሽ ነው፤ ግን የጣት ንክኪ ሁሉ ይሰማባቸዋል። ራይ ኩደር የሚባለው የስላይድ ጌታ ከእነዚህ አንዱን ስትራቶካስተር የተባለ የፌንደር ጊታሩ ላይ አስገጥሟል። ታላቅ ሙዚቀኛ የፈለገውን ነገር ነው እኔ ካርቶን ውስጥ የጣልኩት። አምፕሊፋየሩን ብዙ አትክፈቱት። ድምፁ ሲበዛ ፒካፑ ራሱ መጮህ ይጀምራል፤ ዝግ ብሎ ሲሠራ ግን ሞቅ ያለና ጥርት ያለ ነው።

ካርቶኑን ከብዙ ዓመት በኋላ አገኘሁት። ፒካፑን ለካሁት፣ ደህና ነው። የፈለፈልኩትን እንጨት በተመሳሳይ እንጨት ሞላሁ፣ መቆጣጠሪያውን አጸዳሁ፣ ፒካፑን ወደ ቦታው መለስኩ። የተለጠፈው እንጨት መስመር ዛሬም ይታያል፤ ቀለም አልቀባሁትም። ሥራ ልትማሩ እኔ ጋ የምትመጡ ልጆች መጀመሪያ ያንን ጊታር ነው የምሰጣችሁ።