ካሜራ የለኝም ላልሽው እህቴ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዱር እንስሳት ፊልም በሚሠሩ የቴሌቪዥን ድርጅቶች ውስጥ በጀማሪ ሪሰርቸርነት መግባት እፈልጋለሁ። ካሜራ የለኝም፤ አዲስ አበባም የማውቀው ሰው የለም። ቤተሰቦቼ ‹አርፈሽ መምህር ሁኚ› ይሉኛል። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ካሜራውን እርሺው። የሪሰርቸር ዋና ሥራ ካሜራ መያዝ አይደለም። የእሱ ሥራ የሚበዛው ቀረጻው ሳይጀመር ነው። ታሪክ ይፈልጋል፣ እውነት መሆኑን ያጣራል፣ የት፣ መቼና በማን ፈቃድ እንደሚቀረጽ መልክ ያስይዛል። ዋናው መሣሪያው ስልክና ማስታወሻ ደብተር ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ጎን ለጎን ይውላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮዎቹ ጭላዳዎቹ መሀል ሆነው አይጥ ሲያድኑ ከሙከራቸው 67 በመቶው ይሳካል። ያለ ጭላዳ ሲያድኑ ግን 25 በመቶ ብቻ ነው። ለፊልም ከዚህ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል? ግን ይሄ ገና ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ነው ያንቺ ሥራ የሚጀምረው።

አጥኚውን ፈልገሽ ትደውያለሽ። ቀበሮዋ መንጋው ውስጥ የምትገባው በስንት ሰዓት ገደማ ነው? ጭላዳዎቹ ሰው ለምደዋል ወይ? ምን ያህል መቅረብ ይቻላል? ጉም የማይዘው የትኛው ወር ነው? ከዚያ ደግሞ ለስካውቱ፣ ማለትም ለስፍራው ጠባቂ ትደውያለሽ። አጥኚው ጥናቱን ጨርሶ አገሩ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ መንጋው ዛሬ ጠዋት በየት በኩል እንደወረደ የሚያውቀው ስካውቱ ነው። መኪና እስከየት ይገባል? ባትሪ የት ቻርጅ ይደረጋል? ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ቡድኑ በዚያ ብርድ የት ያድራል? ይሄን ሁሉ ሳትጨርሺ አንድ ሰው ከቤቱ መነሳት የለበትም።

ደግሞ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ሰው «ጭላዳዎቹ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጡላታል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሲነበብ ያምራል። አጥኚዎቹ ግን ይህን ያሉት «ሊሆን ይችላል» ብለው ነው፤ ምናልባት በመንጋው መሀል ስትሆን አይጦቹ ቀበሮዋን ቶሎ ስለማይለዩዋት ይሆናል። አለቃሽ ቢቆጣም «ይሄ አልተረጋገጠም» የምትይው አንቺ ነሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ጥሩ ሪሰርቸር የሚለየው እዚህች ጋ ነው።

ፈቃድም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ በአብዛኛው የምትሄጂው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ጓሳ ግን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ የአካባቢው ሰውም መስማማት አለበት። ድሮን ደግሞ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ያለ ፈቃድ ይዞ የመጣ የውጭ ቡድን ዕቃው ቦሌ ላይ ይቀርበታል።

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። «አዲስ አበባ ሰው የለኝም» ብለሽ አትዘኚ፤ ለዚህ ሥራ ከአዲስ አበባ ልጅ ይልቅ አንቺ ትቀርቢያለሽ። ጉሬዛውም ጫካ ቡናውም ደጃፍሽ ነው። በለጠ ጌራ ደን አለ፤ አልፈሽ ስትሄጂ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አለ፤ ዝሆን ካማረሽ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ አለልሽ። ለመጀመሪያ ግን ሩቅ አትሂጂ። እዚያው ጅማ ያለው የቦዬ ረግረግ ይበቃሻል። ጉማሬ ከተማ ጥግ የሚኖርበት ቦታ በየአገሩ አይገኝም።

ቦዬን እንደ ሪሰርቸር አጥኚው። ጉማሬዎቹ ማታ ለግጦሽ የሚወጡት በየት በኩል ነው? ገበሬው ስለነሱ ምን ይላል? የአዌቱ ወንዝ ከከተማው ይዞት የሚወርደው ቆሻሻ ረግረጉን ምን አደረገው? የጅማን ረግረጎች ለዓመታት ያጠኑ መምህራን እዚያው ግቢሽ ውስጥ አሉ፤ ቢሯቸውን አንኳኪ። በአፋን ኦሮሞ ገበሬውን፣ በእንግሊዝኛ ጥናቱን ማግኘት ከቻልሽ የውጭ ቡድን በገንዘብ የሚፈልገው ነገር እጅሽ ላይ አለ። ጠዋትና ማታ ስትሄጂ ግን ብቻሽን አትሁኚ፤ ከጉማሬና ከውኃው መሀል እንዳትገቢ። ቀልድ አይደለም።

ከዚያ ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ አስፍሪው፦ ታሪኩ፣ ለምን አሁን እንደሚቀረጽ፣ ወሩና ሰዓቱ፣ ያነጋገርሻቸው ሰዎች፣ ያልተረጋገጠው ነገር። ስለ ተፈጥሮ ፍቅርሽ ከሚያወራ ሦስት ገጽ ሲቪ ይሄ ይበልጣል። ፍቅሩማ ሁሉም አመልካች ጋ አለ። እግረ መንገድሽን በዩኒቨርሲቲያችሁ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ላይ አጭር ዝግጅት ለመሥራት ጠይቂ፤ ሰው ማናገርና በቀነ ገደብ መሥራት እዚያ ይለመዳል። መንጃ ፈቃድም አውጪ፤ ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል።

መግቢያውን በተመለከተ ልዋሽሽ አልፈልግም። የዚህ ሙያ ትልቁ ማዕከል እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ነው፤ የቢቢሲ የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ አለ። የሠልጣኝ ቦታ ጥቂት፣ አመልካች ብዙ ነው፤ ሥራውም ባብዛኛው በኮንትራት ነው። ላንቺ የቪዛው ጣጣ ይጨመርበታል። በብር «እዚያ አስገባሻለሁ» የሚልሽ ካለ ሽሺው።

ሰፊው በር ፊክሰርነት ነው። የውጭ ቡድን እዚህ ሲመጣ ፈቃድ፣ መኪና፣ አስተርጓሚና መረጃ የሚያዘጋጅለት ሰው ይቀጥራል። ሪሰርቸርነት ከነድካሙ ማለት ነው። አስጎብኚ ድርጅቶች ይህን ሥራ ስለሚይዙ በረዳትነት እንዲያስገቡሽ ጠይቂያቸው። ሥራሽን የወደደ ቡድን ለሚቀጥለው ቡድን ስልክሽን ይሰጥልሻል።

ቤተሰቦችሽም አልተሳሳቱም። ኮንትራት በአንዱና በሌላው መሀል ወራት ያስቀምጣል፤ የቤት ኪራይ ግን አይጠብቅም። ማስተማሩን ብትይዢ ቦዬ የትም አይሄድብሽም። የመመረቂያ ጥናትሽን ርዕስ ገና ካልመረጥሽ ደግሞ አማካሪሽን ዛሬውኑ አነጋግሪ፤ ጉማሬዎቹ ላይ መሥራት ከቻልሽ በአንድ ድካም መመረቂያሽንም የፊልም ሐሳብሽንም ትጨርሻለሽ።