ሞተሯ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ነዳጁን ግን አልቻልኩትም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። በቤንዚን የምትሠራ፣ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት፣ ባለ ኢንጀክተር ማንዋል መኪና አለችኝ። ድሮ በአንድ ሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ ነበር፤ አሁን 8 መድረሷንም እጠራጠራለሁ። አንዴ ከሞላኋት ሳምንት ታስኬደኝ ነበር፣ አሁን በአራተኛው ቀን የነዳጅ መብራቷ ይበራል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ኢንጀክተር አሳጠብኩ፣ ወይ ፍንክች። አሁን ደግሞ መካኒኩ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለኝ፤ ዕቃው ውድ ስለሆነ ፈራሁ። ቼክ መብራት አልበራም። ሌላ ችግርም የለባትም፤ እንዲያውም የሙቀት መለኪያው ድሮ መሃል ላይ ይቆም ነበር፣ አሁን ከመሃል በታች ነው የሚውለው፣ ሞተሩ ቀዝቀዝ ብሎ በመሥራቱ ደስ ብሎኛል። ከጥቂት ወራት በፊት ጎማም ቀይሬያለሁ፣ ከድሮው ትንሽ ከፍ ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ማደያ የሰለቸው

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተን ደስ ያሰኘህ ነገር ነው እኔን ያሳሰበኝ። እዚያ ላይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ልኬቱ እንነጋገር፣ ምክንያቱም «ሳምንት» እና «አራት ቀን» የነዳጅ መለኪያ አይደሉም። መንገዱ የተጨናነቀበት ሳምንትና ያልተጨናነቀበት ሳምንት አንድ አይሆኑም። ጌጁም አይታመንም። እንዲህ አድርግ፦ ታንከሩን ሙላ፣ የማደያው ሽጉጥ በራሱ ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ተው፣ «ትንሽ ጨምርበት» አትበል። የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርግ። ቢያንስ ግማሽ ታንክ እስክትጨርስ ንዳ፤ ከዚያ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ በተመሳሳይ መንገድ ሙላ። የሄድክበትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍል። 240 ኪሎ ሜትር ሄደህ 30 ሊትር ከገባ 8 ነው ማለት ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግመህ አማካዩን ውሰድ። ከዚያ በፊት የምትቀይረው ዕቃ ሁሉ ቁማር ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

ጎማው እዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል። ከፍ ያለ ጎማ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል፣ ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው በድሮው ጎማ ልክ ነው። ጎማው በ5 በመቶ ቢበልጥ፣ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲልህ አንተ 105 ሄደሃል። ስለዚህ 8 ያልከው በእውነቱ 8.4 ሊሆን ይችላል። ጥቂት ናት፣ ግን ያልጠፋ ነዳጅ ነው የምትፈልገው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀዝቃዛው ሞተር። ሞተር ሲቀዘቅዝ መልካም ይመስላል፣ ሲሞቅ ነውና የምንደነግጠው። ነገር ግን ሞተር የሚሠራበት የራሱ ሙቀት አለው፣ በአብዛኞቹ መኪናዎች 90 ዲግሪ አካባቢ። እዚያ እስኪደርስ ነዳጁን የሚመጥነው የመኪናዋ ኮምፒውተር «ገና አልሞቀም» ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፣ ዘይቱም ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ ከራሱ ጋር ይታገላል። ይህን ሙቀት የሚጠብቀው ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ ቫልቭ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል። ክፍት ሆኖ ከቀረ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ገና እንደተነሳ መኪና ነው የሚሠራው። አንዳንድ መካኒክ ደግሞ «አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል፤ መኪናዋን ከገዛህ በኋላ ራዲያተር ወይም የውሃ ፓምፕ ያሠራህበት ቀን ካለ አስታውስ።

መፈተኑ ቀላል ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ አስነሳ፣ ኮፈኑን ክፈት፣ ወደ ራዲያተር ላይኛው ጫፍ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ቱቦ በየደቂቃው ነካ ነካ አድርግ (ከማራገቢያው እጅህን አርቅ፣ የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ በትኩሱ አትንካ)። ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ቱቦው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቅዞ ይቆይና ድንገት ይሞቃል። ከመነሻው ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ የሚል ከሆነ ሌባህን አገኘኸው። ቴርሞስታቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ኮምፒውተሩን እየዋሸው ሊሆን ይችላል፣ ያንን በስካነር፣ ማለትም የመኪናዋን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ ማየት ነው።

መካኒክህ ስለ ኦክስጅን ሴንሰር ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ሴንሰሩ ከጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን እያነበበ፣ ኮምፒውተሩ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር እንዲያደርስ ይረዳዋል። ሲያረጅ ንባቡ ይዘገያል፣ ቼክ መብራት ሳያበራም ነዳጅ ሊያስበላ ይችላል። እኔን ያላስደሰተኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ስካነር ይሰካ፣ ሞተሩ ሲሠራ የውሃው ሙቀት ስንት እንደሆነና ኮምፒውተሩ ነዳጁን ምን ያህል እያረመ እንደሆነ ይታይ። እርማቱ ከዜሮ በ10 በመቶ ከራቀ አንድ ነገር አለ። ሳያይ «ቀይር» የሚል መካኒክ በአንተ ኪስ ነው የሚፈትነው። ስለ ፊልትሮውም ልንገርህ፦ ባለ ኢንጀክተር መኪና ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ ጉልበት ነው የሚቀንሰው፣ ነዳጅ ብዙም አያስበላም፤ የገባውን አየር ኮምፒውተሩ ለክቶ ነዳጁን በዚያው ልክ ያስተካክላል። ያ ወሬ የመጣው ከካርቡራተር ዘመን ነው።

ከ12 ወደ 8 መውረድ ግን ብዙ ነው፣ ለዚያው መንገድ አንድ ተኩል እጥፍ ቤንዚን ማለት ነው። ቴርሞስታት ብቻውን ይህን ሁሉ ይበላል ብዬ አላምንም፣ በተለይ ጉዞህ አጫጭር ካልሆነ። ስለዚህ ፍሬኑንም እይ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳታበዛ ነድተህ ቁም፣ እጅህን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ፣ አትንካው። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞታል፤ መኪናዋ እየተጎተተች ነው የምትሄደው። የጎማ ንፋስም ጠዋት ሳትነዳ ለካ፣ ቁጥሩን በሹፌሩ በር ጠርዝ ካለው ተለጣፊ ላይ ውሰድ፣ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ባዶ ፖርቶ መጋላ ካለ አውርደው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጊ፣ ነዳጅ ይቆጥባል ይለኛል። እኔ ደግሞ እፈራለሁ። ማን ነው ልክ?
ፈሪዋ ሹፌር

መልስ፦ አንቺ ነሽ። መኪናሽ ባለ ኢንጀክተር ከሆነ፣ ማርሽ ውስጥ ሆነሽ እግርሽን ከነዳጁ ስታነሺ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ዜሮ ካደረግሽው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሚኒሞ ላይ መሥራት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ቤንዚን ያቃጥላል። ስለዚህ ባለቤትሽ እየቆጠብኩ ነው ሲል እያፈሰሰ ነው። ለስለስ ባለ ቁልቁለት፣ በማርሽ ሆነሽ ነዳጅ መርገጥ የሚያስፈልግሽ ቦታ ላይ፣ ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ለዚያች ጠብታ ግን ሞተሩ የሚይዝልሽን ጉልበት ጥለሽ ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ መጫን አይገባም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል መያዝ ያቆማል። ይህን ለእሱ አንብቢለት።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት መኪናዬን 15 ደቂቃ አሞቃለሁ። ያስፈልጋል?
ማለዳ ተነሺ

መልስ፦ አያስፈልግም። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ሙቀቱ እስኪገባ ሳትጨፈልቅ ንዳ። ቆማ የምትሠራ መኪና በሊትር ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው የምትሄደው፣ ሞተሩም የሚሞቀው ስትነዳው ፈጥኖ ነው።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት ይቆጥባል ይባላል፣ ልግዛ?
ገዢ

መልስ፦ አትግዛ።