ሥራችንን ለሶሻል ሚዲያ ብቻ እንተው? ጥያቄና መልስ

ሰዓሊዎች፣ ገጣሚዎችና ፎቶግራፈሮች ተመልካች ስለማፍራት ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጥ፦ ሰዓሊ ነኝ። ኢንስታግራም ብቻውን ይበቃኛል?

አይበቃሽም። ሰው እንዲያውቅሽ ተጠቀሚበት፤ እንጀራሽን ግን እሱ ላይ አትጣይ። ሥራሽ ለስንቱ ፎሎወር እንደሚታይ የሚወስነው ኩባንያው ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 ለጓደኛና ለቤተሰብ ፖስት ቅድሚያ ሲሰጥ የብዙ ገጾች ተመልካች ቀነሰ። ቫይን የሚባለው የአጫጭር ቪዲዮ መተግበሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ጭራሹን ተዘጋ።

እኛም አገር አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ተገደቡ። እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን መክፈት አስቸጋሪ ነበር። ያኔ የደንበኛ ስልክ ቁጥር መዝግቦ የያዘ ሰው ቢያንስ መደወል ይችል ነበር።

ጥ፦ ቴሌግራም ቻናልስ?

እሱ ይሻላል። ፖስትህ ቻናሉን ለተቀላቀለ ሁሉ ይደርሳል፤ አልጎሪዝም (ማን ምን እንደሚያይ የሚመርጠው የኩባንያው ፕሮግራም) መሃል ገብቶ አይመርጥም። ግን እሱም ተገድቦ ስለነበር የስልክ ዝርዝርህን አትተው።

ጥ፦ ቪዲዮዬ ቲክቶክ ላይ ብዙ ቪው አገኘ። አንድም ሥዕል አልተሸጠም። ለምን?

ገጽሽን እንደማያውቅሽ ሰው ሆነሽ እዪው። የሥዕሉ መጠን በሴንቲ ሜትር ተጽፏል? ዘይት ቀለም ነው አክሪሊክ? ዋጋውስ? «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትለዋን ነገር እባካችሁ ተዉአት! ብዙ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ቨርጂኒያ ያለ ገዢ ደግሞ ሸራው ተጠቅልሎ መላክ ይችል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ከሥዕሉ ሥር ጻፊው። ቪው ያመጣውን ሰው የሚያስቀረው ይሄ ነው።

ጥ፦ ገጣሚ ነኝ። በየቀኑ ፖስት ካላደረግኩ የምረሳ ይመስለኛል።

ስጋትሽ ይገባኛል። ግን የመጻፊያ ሰዓትሽን ለስልክ አሳልፈሽ አትስጪ፤ በሳምንት አንድ ጥሩ ነገር ይበቃል። ደግሞ መድረክ አትናቂ። «ግጥም በጃዝ» የተባለው የግጥምና የሙዚቃ ምሽት አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ሲቀርብ ሰው ከፍሎ ገብቶ ግጥም አዳምጧል። አዳራሽ መጥቶ የሰማሽ ሰው ለቀጣዩ ምሽት ጓደኛውን ይዞ ይመጣል።

ጥ፦ ፎሎወር ልግዛ?

በፍጹም! የተገዛ ፎሎወር ሥዕል አይገዛም፣ ኤግዚቢሽን አይመጣም። በዚያ ብር ሥራህን በደንብ ፎቶ አስነሳበት።