ማስተርስ በአኒሜሽን፣ በቪዥዋል ኢፌክትና በጌም፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ነው የተመረቅኩት፤ ሥዕል ግን አልችልም። ቦታ ይኖረኛል?

ይኖርሃል። እንግሊዝ ያለው የቦርንመዝ ዩኒቨርሲቲ ለሥዕል ሰዎች የስሪ ዲ አኒሜሽን ኤም ኤ፣ ፕሮግራም ለሚጽፉ ደግሞ የኮምፒውተር አኒሜሽንና ቪዥዋል ኢፌክት ኤም ኤስ ሲ ለየብቻ ያስተምራል። ያንተ ሁለተኛው ነው። ጭስ፣ ውሃና ጨርቅ በስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱት በስሌት ስለሆነ ሊኒየር አልጀብራህን ከአሁኑ ከልስ፤ ፓይተንና ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎችም ያስፈልጉሃል።

ጥያቄ፦ ዲግሪዬ አካውንቲንግ ነው። ብሌንደር ከዩቲዩብ ነው የተማርኩት። ይቀበሉኛል?

እህቴ፣ በሥዕሉ በኩል ከዲግሪሽ ስም ይልቅ የሚመዝነው ሪልሽ፣ ማለትም ምርጥ ሥራዎችሽን የምታሳዪበት አጭር ቪዲዮ ነው። ብሌንደር ነጻ የስሪ ዲ ሶፍትዌር ስለሆነ የሚናቅ እንዳይመስልሽ፤ በ2025 ኦስካር ያገኘው የላትቪያው አኒሜሽን ፊልም «ፍሎው» የተሠራው በእሱ ነው። ሪልሽ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ፤ ምርጡ ሥራ መጀመሪያ ይግባ። እኔ የመጀመሪያዬን ያልጨረስኩትን ሁሉ ሰብስቤ ሦስት ደቂቃ ተኩል አድርጌ ልኬ ሁሉም ቦታ ወደቅኩ። ተቀባይነት ያገኘሁት ወደ ሃምሳ ሰከንድ ስቆርጠው ነው። የሚበር ዘንዶ አያስፈልግሽም። እንስራ ያዘለች ሴት ዳገት ስትወጣ አሳዪ፦ ወገቧ መጉበጡ፣ እግሯ መሬቱን መርገጡ፣ ቆም ብላ ትንፋሽ መውሰዷ። ክብደቱ ለተመልካቹ ከተሰማው አኒሜተር መሆንሽን አውቋል። በቡድን የሠራሽው ካለም የትኛው የአንቺ እጅ እንደሆነ በግልጽ ጻፊ፤ ይህን መደበቅ ያስጥላል።

ጥያቄ፦ መብራት እየጠፋ ሬንደር አላስጨርስ አለኝ።

ሬንደር ስታደርግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሥራህን አስልቶ ምስል ሲያወጣ፣ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጣው። እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ምስል አድርገህ አስቀምጥ፤ መብራት ሲመጣ ከቆመበት ትቀጥላለህ። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ አሥር ሰከንድ 240 ምስል ነው። አንዱ አምስት ደቂቃ ከፈጀ 20 ሰዓት መሆኑን አስበህ ከሪልህ መላኪያ ቀን ቀድመህ ተዘጋጅ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ብማር ተመርቄ መሥራት እችላለሁ?

በተማሪ ቪዛ ከገባህ ኦ ፒ ቲ የሚባለው ከምረቃ በኋላ በሙያህ የመሥራት ፈቃድ 12 ወር ይሰጥሃል። ትምህርቱ ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ) ተብሎ ከተመዘገበ 24 ወር ይጨመራል። የአኒሜሽን ኤም ኤፍ ኤ (የሥነ ጥበብ ማስተርስ) ሁሉ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ማመልከቻ ሳትከፍል የፕሮግራሙን ሲ አይ ፒ ኮድ፣ ማለትም የትምህርት ዘርፉ የተመደበበትን ቁጥር ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ጌም ሲጫወት ያድራል፤ ማስተርስ በጌም ልማር ይላል። ገንዘቤን ላውጣ?

እትዬ፣ መጫወትና መሥራት በጣም ይለያያሉ። አሜሪካ ባለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሁለት ዓመቱ የኢንተርቴይንመንት ቴክኖሎጂ ማስተርስ ላይ ተማሪዎች ሴሚስተሩን ሙሉ በቡድን አንድ ፕሮጀክት ሲሠሩ ይከርማሉ። ስለዚህ መጨረስ የሚችል፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ የሚሠራ ልጅ ነው የሚያስፈልገው። ጎዶት የሚባል ነጻ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር አለ። በሁለት ወር ገበጣን በእሱ ሠርቶ እርስዎን ያጫውትዎት። ከጨረሰው ስለ ክፍያው ያኔ እንነጋገራለን።