ሳድሉን ሳትነካ መጀመሪያ ጀርባውን ክፈት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) ዓይነት ኤሌክትሪክ ጊታርህን ክር ከቀጭኑ 9 ቁጥር ወደ ወፈር ያለው 10 ቀየርክ። ብሪጁ (ገላው ላይ ክሮቹን የሚሸከመው ብረት) ከኋላ ተነሳ፣ ክሩ ከፍሬቱ (ኔኩ ማለትም አንገቱ ላይ ካለው የብረት መስመር) ራቀ፣ ወደ ላይኛው ፍሬት ስትወጣ ድምፁ አልገጥም አለ። «ሳድሎቹን (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ብረቶች) ላስተካክል ወይ?» ነው ያልከው። ቆይ፣ አትንካቸው!

እኔም ለገጣፎ ተከራይቼ እያለሁ እንዲሁ ሆኛለሁ። በማግስቱ ሰርግ ነበረብኝ። የተዋስኩትን ጊታር ሳድሎች ሳዞር አደርኩ። አንዱ ሲገጥም ሌላው ይወጣል። ጠዋት ብሶበት አገኘሁት። ለካ ችግሩ ከጀርባ ኖሯል።

የጀርባውን ክዳን ፍታ። ሞላዎች ታያለህ፤ ብዙ ጊዜ 3 ናቸው፣ እስከ 5 ይይዛል። ክሩ ወደ ፊት፣ ሞላው ወደ ኋላ ይጎትታል። ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ስትራቶካስተርን ሲያወጣም ነገሩ በዚሁ ሚዛን ላይ ነው የቆመው። 10 ቁጥር ከ9 በላይ ይጎትታል። ስለዚህ ሞላዎቹ የተያያዙበትን ብረት ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ግማሽ ዙር አጥብቅና እንደገና ቃኝ። ብሪጁ ድሮ ወደነበረበት እስኪመለስ ደጋግም። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ።

ቀጥሎ ቁመት፣ ማለትም ክሩ ከፍሬቱ ያለው ርቀት። 12ኛው ፍሬት ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በታች ካወረድከው ክሩ ፍሬት እየመታ ይረብሽሃል።

ሳድሉ የሚመጣው አሁን ነው፣ ያውም በአዲስ ክር። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒክ (ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ የምታወጣው ድምፅ) አውጣ፣ ከዚያ እዚያው ተጭነህ ምታ። የተጫንከው ድምፅ ከሃርሞኒኩ ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ኔኩ አምጣው። በየመሃሉ ቃኝ። አምባሰል ላይ ሶሎ ስትገባ ልፋትህ ይታወቅሃል።

የሌስ ፖል ዓይነት ያላችሁ ተገላገላችሁ፤ ሞላ የለም፣ ቁመቱ በግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ምሰሶዎች ነው። የድሮው ቴሌ (የፌንደር ቴሌካስተር ጊታር) 3 ሳድል ብቻ ስላለው አንዱ ሁለት ክር ይሸከማል፤ ፍጹም ልክ አይመጣም፣ ማቻቻል ነው። ብሪጅህ ፍሎይድ ሮዝ (ክሩን የሚቆልፈው ዓይነት) ከሆነ መጀመሪያ ኔኩ ጫፍ ያለውን መቆለፊያ ፍታ፣ ሳድል ከመንካትህ በፊትም ክሩን አላላ፤ አለበለዚያ ክሩ ሳድሉን ስቦ ወደ ፊት ይወስደዋል።

በነገራችን ላይ በስትራትህ ብሪጅ ላይ ያለውን ድምፅ ማወዛወዣ ዘንግ የማትጠቀምበት ከሆነ ሞላዎቹን አጥብቀህ ብሪጁን ገላው ላይ አስተኛው። መድረክ ላይ አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ የቀሩት አምስቱ ከቅኝት አይወጡም።