አፕሳምፕሊንግ ሲበራ ድምፁ ለምን ይሰነጠቃል?

አንድ አንባቢ በኮምፒውተሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል አፕሳምፕሊንግ (በሰከንድ ያለውን የድምፅ ናሙና ቁጥር ማብዛት) ያለው ዳክ፣ ማለትም ዲጂታል ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይር ዕቃ፣ አስገብቷል። በዩኤስቢ ነው ያገናኘው። ወደ 192 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 192,000 ናሙና) ሲያሳድገው የቅርብ ጊዜ ሙዚቃ ላይ ከበሮው ይሰነጠቃል፣ ዘፋኟ «ስ» ስትል ጆሮ ይወጋል። ድሮ የተቀረጹት ላይ ግን ምንም የለም። መጀመሪያ «እምምም» የሚል ድምፅም ነበረው፤ አንድ ሠራተኛ የአምፕሊፋየሩን ፕላግ የኧርዝ እግር ቆርጦ ዝም አሰኝቶለታል። አሁን ዳኩን ልቀይረው ወይ ይላል።

አትቀይረው። ከሁሉም በፊት ግን አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀልና ኧርዝ ያለው ደህና ፕላግ ግጠምለት። ይሄ ጥገና አይባልም። ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ፣ ያ የተቆረጠው እግር ነበር የሚያድንህ።

ወደ ስንጥቁ ስንመጣ፣ አዲሱ ላይ ብቻ መሆኑ ነገሩን ይናገራል። ጥርጣሬዬ ጣሪያ መንካት ነው፤ ጣሪያው ዲጂታል ድምፅ ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ልክ ነው፣ ዜሮ ዴሲቤል ይባላል። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ማለትም የድምፁን ሞገድ ከፍታ የሚናገር ቁጥር፣ ይይዛል። አፕሳምፕሊንግ በናሙናዎቹ መሃል ያሉትን ነጥቦች አስልቶ ይሞላል እንጂ ያልተቀዳ ሙዚቃ አያመጣም። ችግሩ እነዚያ የመሃል ነጥቦች ከግራና ቀኛቸው ናሙና ሊበልጡ መቻላቸው ነው። 11,025 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ውሰድ፤ በአንድ ዙር አራት ናሙና ብቻ ይደርሰዋል። አራቱም ከሞገዱ ጫፍ ወዲህና ወዲያ እኩል ርቀው ካረፉ፣ እያንዳንዳቸው የጫፉን 71 በመቶ ያህል ናቸው። ስቱዲዮው ደግሞ ድምፁ ጎልቶ እንዲሰማ ብሎ እነዚያን ናሙናዎች እስከ ዜሮ ዴሲቤል ድረስ ይገፋቸዋል፤ እውነተኛው ጫፍ እንግዲህ ከጣሪያው 3 ዴሲቤል በላይ ነው ማለት ነው። አፕሳምፕለሩ ያንን ጫፍ በትክክል ያሰላዋል፣ ማስቀመጫ ሲያጣ ግን ይቆርጠዋል። የምትሰማው ስንጥቅ ያ ነው። የድሮዎቹ ቅጂዎች ከጣሪያው ዝቅ ተደርገው ስለተሠሩ ይተርፋሉ።

ፈትነው። ኮምፒውተሩ ላይ ማጫወቻውን በ4 ዴሲቤል ዝቅ አድርግ፣ ውጤቱን 24 ቢት (የእያንዳንዱ ናሙና ቁጥር ዝርዝርነት) አድርገው፣ የጎደለውን ድምፅ በአምፕሊፋየሩ መልስ። ስንጥቁ ከጠፋ አለቀ።

«እምምታው» ኧርዙን ስትመልስ ተመልሶ ይመጣል። ኮምፒውተሩና አምፕሊፋየሩ በኧርዝም በዩኤስቢም ስለሚገናኙ ነው። ኮምፒውተሩ ኦፕቲካል መውጫ ካለው በዩኤስቢ ፋንታ እሱን ተጠቀም፤ ብርሃን ኮረንቲ አያስተላልፍም። ከሌለው የዩኤስቢ አይሶሌተር (ዳታውን አሳልፎ የኮረንቲ ግንኙነቱን የሚለይ ዕቃ) ግዛ። ኧርዙን ግን አትንካብኝ! ርካሽ የፕላስቲክ ኦፕቲካል ገመድ 192 ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ ይቆራረጣል፤ እኔን ሲያበሳጨኝ የኖረ ዕቃ ነው። 88.2 ኪሎኸርዝ ላይ አድርገው፣ ምንም አይቀርብህም።

አፕሳምፕሊንጉ ይጠቅም እንደሆነ ለመፍረድ ደግሞ መጀመሪያ ድምፁን እኩል አድርግ። ጆሮ ትንሽ የጮኸውን ሁሉ «ይሻላል» ይላል። 400 ኸርዝ ቶን አጫውት፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የስፒከሩን ሁለት ጫፎች ለካ። ሲበራ 2.00 ቮልት ካሳየ ሲጠፋም ከ0.02 በላይ እንዳይለይ። ከዚያ ሌላ ሰው ሳይነግርህ እያበራ እያጠፋ ያጫውትልህ። ደጋግመህ መለየት ካቃተህ አጥፍተኸው ሙዚቃህን ስማ።