ዝናብ ስላራሳቸው መጻሕፍት ለአዘዞዋ እህታችን የተሰጠ ምላሽ

ውድ እህታችን፣ ከአዘዞ የጻፉትን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት አነበብሁት። ትናንት ሌሊት በጣለው ዝናብ የትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ጣሪያ አፍስሶ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ መጻሕፍት መራሳቸውን ገልጸው፣ ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ ላይ ቢያሰጧቸው ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ጎንደር በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ይኸው ነገር ገጥሞኛልና በእኔ የደረሰው በእርስዎ እንዳይደርስ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ።

1. መጻሕፍቱን ዛሬውኑ ከክፍሉ ያውጡ፤ የማንንም ፊርማ አይጠብቁ። በራሰ ወረቀት ላይ ሻጋታ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መብቀል ይጀምራል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አርብ ጠዋት በሩን ስከፍት በቆርቆሮው ሚስማር ቀዳዳ የገባው ውኃ ኮርኒሱን ጥሶ የጂኦግራፊና የታሪክ መደርደሪያዎቹ ላይ ወርዶ ነበር። መጻሕፍቱን ወደ ደረቁ አዳራሽ ለማዛወር ፈቃድ ልጠይቅ ወደ ንብረት ክፍል ሄድሁ። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «የንብረት ማውጫው ቅጽ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ አንድ መጽሐፍ ከዚያ ክፍል አይወጣም፤ አጣሪ ኮሚቴ እስኪቋቋም ቁጭ ብለሽ ጠብቂ» አለኝ። በዕድሜ ታላቁ ነኝ፤ «አንቺ» ማለቱ ግን ከመጻሕፍቱ ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም። ኮሚቴው የተሰበሰበው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ ሲከፈት ሽታው ከበረንዳው ተቀበለን፤ የመጻሕፍቱ ጠርዝ አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ ነበር። ከዚያም አልፎ ጉዳቱ «በሠራተኛዋ ቸልተኝነት» የደረሰ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያን ደብዳቤ እስከ ዛሬ አስቀምጨዋለሁ። ስለዚህ እርስዎ እያንዳንዱን መደርደሪያ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፣ የመጻሕፍቱን የመዝገብ ቁጥር ይጻፉ፣ ሁለት መምህራን ጠርተው አጭር ቃለ ጉባኤ ያስፈርሙና ወዲያውኑ ያውጧቸው።

2. ፀሐይ ላይ አያስጡ። እኔ ሰኞ ማታ ደንግጬ በማግስቱ ያገኘሁትን ሁሉ ሜዳ ላይ ዘረጋሁት። ሽፋናቸው ተቆለመመ፣ ጥራዛቸው ከሙጫው ለቀቀ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አትላሶቹ ናቸው። ወረቀታቸው የሚያብለጨልጭ ዓይነት ስለሆነ፣ ርሰው ሲደርቁ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆኑ፤ ላላቅቃቸው ስሞክር ካርታው ከነቀለሙ ተገሸለጠ። እንዲህ ያሉት በሰዓታት ውስጥ ካልተያዙ አይመለሱምና ሌላውን ትተው መጀመሪያ እነርሱን ያንሡ፤ ገና እርጥብ ሳሉም በየቅጠሉ መካከል ወረቀት ያስገቡ ወይም ያቀዝቅዟቸው።

ማቀዝቀዝ ስል በረዶ በሚሠራ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ማለቴ ነው፤ ሊደነቁ ይችላሉ። እኔም ተደንቄ ነበር። በጀርመን አገር ቫይማር ከተማ የሚገኘው የአና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2004 ሲቃጠል፣ በእሳትና በማጥፊያው ውኃ 62,000 ያህል መጻሕፍት ተጎድተው ነበር፤ የራሱትን ወደ ላይፕዚግ ወስደው አቀዘቀዟቸውና ቀስ በቀስ አደረቋቸው። ቅዝቃዜ ሻጋታውን አይገድለውም፣ ግን ያስቆመዋል፤ ለማድረቅ የሚያስፈልገውን ጊዜም ይሰጣል። ይህን ያነበብሁት ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ጠዋት ፒያሳ አካባቢ ከጎርጎራ ዓሣ እያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ለምኜ አንዱን ማቀዝቀዣ ባዶ አደረገልኝ። ያልሻገቱትንና ገና ያልደረቁትን 140 መጻሕፍት እያንዳንዳቸውን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጀርባቸውን ወደ ታች አድርጌ ደረደርኋቸው። መብራት በጠፋ ጊዜ ነጋዴው ክዳኑን ሳይከፍት ይጠብቅልኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ከ140ዎቹ 134ቱ ወደ መደርደሪያ ተመልሰዋል። ይህን የሠራነው እኔና የጥበቃው አባባ ብቻ ነን፤ ኮሚቴው ከዚያ ሰኞ በኋላ አንድም ቀን አልመጣም።

3. ሲያደርቁ፣ ከማቀዝቀዣው ሲያወጡም፣ በአንድ ጊዜ ከአሥር መጽሐፍ አይበልጡ። በየሃያ ቅጠሉ ነጭ ሶፍት ወይም ያልታተመ ወረቀት ያስገቡ፤ የሚያስገቡት ከመጽሐፉ ውፍረት ሲሶ ከበለጠ ጥራዙን ይሰነጥቀዋልና አያብዙት። ሲርስ ይለውጡት። ማራገቢያው አየሩን እንዲያንቀሳቅስ እንጂ በቀጥታ ገጹ ላይ እንዲነፍስ አያድርጉ። ወረቀቱ ጉንጭዎ ላይ ሲያስነኩት ከቀዘቀዘዎት ገና እርጥብ ነው። ውጭው እየዘነበ መስኮት አይክፈቱ፤ እኔ ከፍቼ የአራት ቀን ድካሜን መልሼ አረጠብሁት። የሻገተውን ደግሞ እርጥብ ሳለ አይጥረጉት፤ ይሰራጫል። ከሌሎቹ ለይተው ያድርቁት፣ ከዚያ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት።

በስጦታ የገባ የብራና መጽሐፍ ካለ ግን ከወረቀቶቹ ጋር አንድ ላይ አይያዙት። ብራና ቆዳ ነው፤ ሙቀት ያኮማትረዋል፣ ቀለሙም በእርጥበት ሊለቅ ይችላልና አይሹት፣ ገጾቹንም በግድ አይግለጡ። ጥላ ባለበት አየር የሚያገኝ ቦታ አስቀምጠው የብራና ሥራ የሚያውቅ ሰው ይጥሩ።

ሁለት ማራገቢያዎችና አንድ ጥቅል ነጭ ወረቀት ቤቴ አሉ። ዛሬ ማታ ስንት መጽሐፍ እንደራሰና ስንቱ የሚያብለጨልጭ ወረቀት እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ነገ በማለዳ ባጃጅ ይዤ አዘዞ እመጣለሁ።